ቅጠል መንፊያው ሞተር፦ ስለ ቤንዚኑና ስለ ባትሪው የሚባለውና እውነቱ

ገርጂ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ባለ የጋራ ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ማለዳ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳባል፤ ሞተሩ እንደ ማሳል ይልና ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሕፃን ቢያለቅስም ስልክ ቢጮህም አይሰማም። አትክልተኛው ማሽኑን በጀርባው አዝሎ የግራቪሊያውንና የጃካራንዳውን ቅጠል ከንጣፉ ላይ ወደ ጥግ ይገፋል። ብሎወር ይሉታል። ታናሽ ወንድሙ የሳር ማጨጃው ደግሞ ተራውን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ ባለው መንገድ ዳር ሳርና አበባ ዘርግቷል። በአያትና በሰሚት ያሉ የመኖሪያ መንደሮችም አትክልተኛ ይቀጥራሉ። ስለ እነዚህ ትናንሽ ሞተሮች የምናምነው ነገር ትክክል ሆኖ መገኘቱ የብዙ ሰው እንጀራና ጤና ጉዳይ ሆኗል።

ወሬው በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር መሸጥም መጠቀምም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ደንቡን የጣሰ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሽያጩን በጁላይ 2024፣ አጠቃቀሙን ደግሞ በጁላይ 2025 አገደ። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ይህን ያወራልናል፤ ወሬው ግን ግማሹን መንገድ ላይ እያራገፈ ነው የሚደርሰው። ከመጀመሪያው ልናገርና፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ወገን አለኝ፤ ማሽኑን ለሚያዝለው ሰው ነው የማደላው።

«መንግሥት የቤንዚን መኪና ስላገደ ማሽኑም ታግዷል»

አልታገደም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ያስታወቀው ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ነው። ጉዳዩ መንገድ ላይ ስለሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ብሎወር፣ ሳር ማጨጃ፣ የዛፍ መቁረጫና ጄኔሬተር አውቶሞቢል አይደሉም። ስለዚህ የባትሪ ማሽን ለመሸጥ ብሎ «ያንተን ነገ ይወርሱብሃል» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ።

ይህ ማለት ግን ማንም በፈለገው ሰዓት እንደፈለገ ያስጮኻል ማለት አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ይቆጥረዋል። የአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ብዙዎቹ የቤንዚን ብሎወሮች ከ15 ሜትር ርቀት ሲለኩ ከ65 ዴሲቤል ያልፋሉ። ጎረቤት ቅሬታ ቢያነሣ የሚቆምበት መሬት አለው።

«ትንሽ ሞተር፣ ትንሽ ጭስ»

ከሁሉም የተሳሳተው ይህ ነው። ሰው የሞተሩን መጠን አይቶ ከመኪና ጋር ያወዳድራል፤ መለየት ያለበት ግን የአሠራሩ ነገር ነው። በጀርባ የሚታዘሉት አብዛኞቹ የቤንዚን ብሎወሮች ባለ ሁለት ምት፣ በተለምዶ ቱ ስትሮክ የምንለው ሞተር ያላቸው ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ውስጥ የተቃጠለው ጭስ ሲወጣና አዲሱ የነዳጅ ቅልቅል ሲገባ ሁለቱም በሮች ለቅጽበት አብረው ይከፈታሉ። በዚያች ቅጽበት ገና ያልተቃጠለው ቤንዚን ከጭሱ ጋር በማርሚታው ተጠራርጎ ይወጣል። የዚህ ብክነት መጠን የነዳጁን ሩብ ሊደርስ ይችላል። አትክልተኛው ከሚቀዳው አራት ሊትር ውስጥ አንዱ ሊትር ሥራ ሳይሠራ አየር ላይ ሊበተን ይችላል ማለት ነው። በቤንዚን ውስጥ ደግሞ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው ቤንዚን (benzene) የተባለው ኬሚካል አለ፤ ስሙ ከነዳጁ ጋር ቢመሳሰልም እሱ ከነዳጁ ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚተነፍሰው ከማርሚታው አንድ ክንድ ርቆ የቆመው ሰው ነው። ሰማያዊው ጭስ ሌላ ነው፤ እሱ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው የሞተር ዘይት ሲቃጠል የሚወጣ ነው።

የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ባለሥልጣን ያወጣው አንድ ንጽጽር በሰው አፍ ሲዞር ኖሯል። አንድ ለንግድ ሥራ የሚውል የቤንዚን ብሎወር በአንድ ሰዓት የሚለቀው ብክለት ካምሪ መኪና 1,100 ማይል፣ ማለትም 1,770 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድታ ከምትለቀው ጋር ይመጣጠናል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ሄዶ እንደገና ባሕር ዳር መግባት እንደማለት ነው። ንጽጽሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ሰዎች ሲያወሩት አንድ ነገር ይጥላሉ። የተለካው የከተማ ጉም የሚፈጥሩት ጋዞች እንጂ ሁሉም ዓይነት ጭስ አይደለም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተመዘነ መኪናዋ በዚያ ሁሉ መንገድ የምታቃጥለው ነዳጅ እጅግ ይበልጣል። «ብሎወር ከመኪና ይልቅ ምድርን ያሞቃል» የሚለው ስለዚህ ስሕተት ነው፤ «ብሎወር የሚያዝለውን ሰው ሳንባ ከመኪና ይልቅ ይጎዳል» የሚለው ግን ከእውነት የራቀ አይደለም።

የባሕር ማዶው ወሬ ጨርሶ የማያነሣው የእኛ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው ማሽን ቦሌ ላይ ሲነሣ አየሩ ቢያንስም ቤንዚኑን በቀድሞው ልክ ይሰጣል፤ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ብዙ ሰው «ማሽኑ ቻይና ስለሆነ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ካርቡሬተሩ ከተማዋን አያውቃትም።

የቤንዚን ማሽን ያለውና ዛሬ ሊቀይር የማይችል አትክልተኛ ምን ያድርግ? ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ የሚያስተካክል መካኒክ ይፈልግ። በአቧራ ወራት ፊልትሮውን በየቀኑ ያራግፍ። ዘይቱን በልኩ ይቀላቅል፤ በማሽኑ ላይ 1 ለ 50 ተብሎ ከተጻፈ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። «ዘይት ሲበዛ ሞተር ይጠብቃል» የሚባለው አይሠራም። የበዛው ዘይት ካንዴላ ያበላሻል፤ ቀሪው ጭስ ሆኖ አንተው ዘንድ ይመለሳል።

«ባትሪ ጉልበት የለውም፤ መብራትም ይጠፋል»

ይህን የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ያን እውነት መካድ ተገቢ አይመስለኝም። በእጅ ለሚያዝ ብሎወር የሚሆን 56 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ እንውሰድ። ሁለቱ ሲባዙ 280 ዋት ሰዓት ይሆናል። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ አንድ ሺህ ዋት ቢጎትት ባትሪው በ17 ደቂቃ ያልቃል። ሰፊ ግቢ ለሚያጸዳ ሰው ይህ ትንሽ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ጉልበት በአንጻሩ ወደ 9,000 ዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ትንሹ ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም የተረፈው ብዙ ነው። በአሜሪካም የአትክልት ሥራ ድርጅቶች ያሰሙት ዋና ቅሬታ ይኸው ነበር። የተላመዱትም ሦስትና አራት ባትሪ እየተቀያየሩ በመያዝ፣ በመኪናቸው ላይ ቻርጀር በመግጠምና ማሽኑን በሙሉ ኃይል የሚያስነሡበትን ጊዜ በመቀነስ ነው።

ይህን ካመንን በኋላ ግን የአዲስ አበባው ሒሳብ ወደ ሌላ ያደላል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ቦሌም ሆነ ጅቡቲ ጉልበቱ ያው ነው። እንዲያውም ማራገቢያው የሚገፋው አየር እዚህ የሳሳ በመሆኑ ሞተሩ በመጠኑ ይቀልለዋል። የሚወጣው ንፋስም በዚያው ልክ መሳሳቱን ግን አንርሳ፤ ይህ የቤንዚኑንም ይነካል።

ቤንዚኑ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አትክልተኛ ደግሞ መኪና ይዞ ማደያ የሚገባ ሰው አይደለም፤ የሚፈልገው በጄሪካን ነው፣ በጄሪካን መቅዳት ደግሞ ገደብ የበዛበት ነገር ነው። ከላይ ያልነውን ዓይነት አራት ባትሪ በየቀኑ መሙላት በአንጻሩ የሚፈጀው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም የማይርቅ ኃይል ነው። እንጀራ የሚጋግር ምጣድ በዚያች ኃይል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። መብራቱም ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ በጳጉሜን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ተጨምሮበታል። በብዙ አገሮች ባትሪው የሚሞላው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ በሚመነጭ ኃይል ነው። በዚህ በኩል ያለን ዕድል የማያንስ ነው።

የመብራት መጥፋቱ ችግር እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱም ተራ ነው። ባትሪ ማታ ይሞላል፣ ጠዋት ይሠራል፤ መብራት በሥራ ሰዓት ቢጠፋ የሚያስቆመው ነገር የለም። ሌሊቱን ሙሉ የጠፋ እንደሆነ ግን ያ ቀን የመጥረጊያ ቀን ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን በቤንዚን ጄኔሬተር መሙላት ግን ጭሱን ከጀርባ አውርዶ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ነውና ትርፉ ጥቂት ነው።

ያልተነገረው ችግር ሌላ ቦታ ነው፤ መነሻ ዋጋውና መለዋወጫው። የቤንዚን ማሽን ካንዴላ መርካቶ ይገኛል። ባትሪ ሲሞት ግን የዚያው ድርጅት ባትሪ ካልሆነ አይገጥምም። ስለዚህ ገዢው ከማሽኑ በፊት ስለ ባትሪው ይጠይቅ፤ ተለዋጭ ባትሪ እዚህ ከተማ ይሸጣል ወይ? የሳር ማጨጃውና ብሎወሩ በአንድ ዓይነት ባትሪ ይሠራሉ ወይ? መልሱ «አይ» ከሆነ ርካሹ ዋጋ ርካሽ አይደለም።

«ጩኸቱ የባለ ግቢው ምቾት ጉዳይ ነው»

ይህን አባባል ስሰማ ያመኛል። ክልከላው የሀብታም ሰፈር ቅንጦት ተደርጎ ስለሚታይ ሠራተኛው ከሒሳቡ ይወጣል። እስቲ ጆሮውን እንይ። በአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም መመሪያ መሠረት ሰው ያለ መከላከያ በቀን ስምንት ሰዓት ሊቆይበት የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ። የቤንዚን ብሎወር በያዘው ሰው ጆሮ አጠገብ ከ90 እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። የጠፋ የመስማት ችሎታ ደግሞ አይመለስም፤ ሰውየውም የሚያውቀው ልጆቹ «አባዬ፣ ድምፁን ቀንሰው» ሲሉት ነው። የባትሪው ማሽን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የቤንዚኑን ያህል ዝቅተኛ ጉርምርምታ ስለሌለውም ግድግዳ አልፎ አይሄድም። ዝም ይላል ግን አይባልም፤ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የጆሮ መከላከያ ያስፈልገዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረቡን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ቀጣሪው ድርጅትም ሆነ የመንደሩ ማኅበር ማሽን ሲገዛ የጆሮ መሸፈኛውን ለአትክልተኛው ኪስ መተው የለበትም።

ክልከላው ራሱም ሠራተኛውን ሊጎዳ ይችላል። በሎስ አንጀለስ በቤንዚን የሚሠራው ብሎወር በመኖሪያ ቤቶች አቅራቢያ ሲከለከል፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 ከላቲን አሜሪካ የመጡ አትክልተኞች በከተማው ምክር ቤት ደጃፍ የረሃብ አድማ መቱ። ጭሱን ወደውት አልነበረም። በብሎወር በሰዓት የሚያልቀው ሥራ በመጥረጊያ እጥፍ ጊዜ ሲወስድ ክፍያው ግን ያው ሊሆንባቸው ስለነበረ ነው። ካሊፎርኒያ ከዓመታት በኋላ የአዳዲስ ቤንዚን ማሽኖችን ሽያጭ ለማስቆም ሕግ ስታወጣ ለትናንሽ አትክልተኞች መቀየሪያ 30 ሚሊዮን ዶላር መደበች። ሞንትጎመሪም ለቀየሩት የተወሰነ ገንዘብ መልሳለች። በአዲስ አበባም አንድ ቀን ገደብ የሚመጣ ከሆነ ይህ ታሪክ ቢነበብ እወዳለሁ። መንደሩ ጸጥታ ከፈለገ ለጸጥታው ይክፈል፤ ወይ ባትሪውን ይግዛ፣ ወይ ለመጥረጊያ የሚበቃ ሰዓት ይክፈል።

«ባትሪ ከሆነ ጉዳት የለውም»

ጭሱ ይቀራል፤ አቧራው አይቀርም። ከብሎወር አፍ የሚወጣው ንፋስ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። ከጥቅምት በኋላ ዝናብ በሚርቅበት ከተማ፣ ግንባታ ባልቆመበት በቦሌ ቡልቡላና በለሚ ኩራ አካባቢ፣ ያ ንፋስ ከቅጠሉ ጋር የሲሚንቶ ብናኝና ደረቅ አፈር ያነሣል። አቧራው ስለ ሞተሩ ዓይነት ግድ የለውም። ብሎወር ሲጀመር የጃፓን ገበሬዎች ጸረ ተባይ ለመርጨት ይታዘሉት ከነበረው መሣሪያ የተወለደ ነው። በካሊፎርኒያ የተስፋፋውም በ1970ዎቹ ድርቅ ንጣፍን በውኃ ጎማ ማጠብ ሲገደብ ነበር። ለአቧራማ መንገድ የታሰበ ዕቃ አልነበረም።

ስለዚህ ንጣፍ ላይ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አፉን ወደ መሬት አስጠግቶ መንፋት ይሻላል፤ ሠራተኛው አፍንጫና አፉን ይሸፍን፣ ሰው ሲያልፍም ማሽኑ ይቁም። በጠባብ ግቢና በእግረኛ መንገድ ላይ መጥረጊያው ዛሬም ይበልጣል። በዛፍና በአበባ ሥር የወደቀውን ቅጠል ግን መንካቱ ራሱ አያስፈልግም። ከንጣፉ የተሰበሰበውም በጆንያ ታስሮ ወደ ቆሻሻ ከሚጫን ይልቅ በዚያው በችግኙ ዙሪያ አራት ጣት ያህል፣ ግንዱን ሳይነካ ቢዘረጋ የበልጉ ዝናብ እስኪደርስ አፈሩን እርጥብ ያቆየዋል፤ አትክልተኛውም የሚያመላልሰው ውኃ ይቀንስለታል።