የስኩባ መሣሪያ አመራረጥ፦ ከሱቁ በፊት ፊዚክሱን

በኮራልና በዓሣ መንጋ መካከል እየተነፈሱ መዋኘት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጥቂቶች ዕድል ነበር። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር የሚለቅ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ግን በሩ ለብዙዎች ተከፈተ፤ ከእርሱም ጋር ገበያው ተከፈተ። ዛሬ አንድ ጀማሪ ሙሉ ትጥቅ ልግዛ ቢል ከሺህ ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ወደ ጅቡቲ ወርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጥለቅን ለሚመኝ፣ ወይም የሐይቆቻችንን ሥነ ሕይወት በቅርብ ለማጥናት ለሚያስብ ተማሪ ይህ የማይታሰብ ወጪ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ዕቃ በኪራይ ይገኛል። የትኛው ሊገዛ እንደሚገባው ለመለየትም በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ፊዚክስ ይረዳናል።

በመጀመሪያ የፊት መነጽሩን እንመልከት። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል፤ በቦይል ሕግ መሠረትም በመነጽሩ ውስጥ የታፈነው አየር ይጨመቃል። ጠላቂው በአፍንጫው ጥቂት አየር ካላስገባበት መነጽሩ ፊቱን እንደ ዋግምት ይስበዋል። በርካሽ የሚሸጠው ተራ የመዋኛ መነጽር አፍንጫን ስለማይሸፍን ለዚህ አይሆንም። የመጠኑ ፈተና ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፦ ማሰሪያውን ሳናጠልቅ መነጽሩን ፊታችን ላይ አሳርፈን በአፍንጫችን በቀስታ አየር እንሳብ፤ እጃችንን ስንለቀው ካልወደቀ ለፊታችን ተስማምቷል ማለት ነው። የፊት ቅርጽ እንደየሰው ስለሚለያይ በመጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ዋጋውም ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነው።

ሲሊንደር ግን ለምን ይገዛል? 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይሰጣል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ብናስቀር 1,800 ሊትር ይቀረናል። ላዩ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በባሕር ውስጥ 20 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን 60 ሊትር ይጠቀማል፤ ስለዚህ አየሩ የሚበቃው ለ30 ደቂቃ ነው። ተረጋግቶ መተንፈስን የተማረ ሰው፣ ትልቅ ሲሊንደር ከገዛ ጀማሪ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ ሲሊንደር በየጊዜው በከፍተኛ የውኃ ግፊት መፈተን አለበት፤ በአሜሪካ ይህ በየአምስት ዓመቱ ይደረጋል። በአውሮፕላን ማጓጓዙም አይመችም። ለእርሳስ ክብደቱም ተመሳሳይ ፍርድ እንሰጣለን። ማን እርሳስ ተሸክሞ ይጓዛል?

የአየር መቀነሻው፣ ማለትም ሬጉሌተሩ፣ የሲሊንደሩን 200 ባር በሁለት ደረጃ ቀንሶ ከአካባቢው ግፊት ጋር እኩል አድርጎ ወደ አፍ ያደርሳል። ያገለገለ ሬጉሌተር በርካሽ ማግኘት ይቻላል፤ ዳሩ ግን የውስጥ ማሸጊያ ጎማዎቹ ስለሚያረጁ የጥገናው ሂሳብ ከግዢው ዋጋ ጋር መደመር አለበት። በአቅራቢያው የሚጠግን ባለሙያ ለሌለው ሰው፣ በደንብ የተያዘ የኪራይ ዕቃ ይሻላል። አሮጌ የጠላቂ ልብስም እንዲሁ ያታልላል። ሙቀት የሚጠብቀው በጎማው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጋዝ ኪሶች ናቸው፤ ደጋግሞ የተጨመቀ ልብስ እየሳሳ ይሄዳል። በሞቃታማው የታጁራ ውኃ ግን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለብዙ ሰው ይበቃል። ለጀማሪ የተፈቀደው ጥልቀት በተለምዶ 18 ሜትር ሆኖ ሳለ «እስከ 300 ሜትር» ለተባለ ሰዓት ተጨማሪ መክፈልም ትርፉ ለሻጩ ነው።

ገንዘብ ካለ ከመነጽሩ ቀጥሎ ሊወጣ የሚገባው ለጠለቃ ኮምፒዩተር ነው፤ ለእኛ ለደገኞች ጉዳዩ ይበልጥ ይጸናል። በግፊት ምክንያት ናይትሮጅን በደማችንና በሕብረ ሕዋሳታችን ይሟሟል፤ ስንወጣ ግፊቱ በፍጥነት ከቀነሰ ጠርሙሱ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይፈጥራል፤ ይህም ሕመም፣ ሽባነት፣ አልፎም ሞት ሊያስከትል ይችላል። ኮምፒዩተሩ ጥልቀቱንና ጊዜውን እየተከታተለ የመውጫውን ሥርዓት ያሰላል።

አሁን ስሌቱን ወደ አገራችን እናምጣው። በባሕር ውስጥ 20 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ላዩ ላይ ካለው ሦስት እጥፍ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኝ እንደ ቢሾፍቱ ባለ ሐይቅ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ያህል ነው። 20 ሜትር ጨዋማ ያልሆነ ውኃ 1.96 ባር ሲጨምርበት 2.76 ይሆናል፤ ይህን ለ0.8 ስናካፍል 3.45 እናገኛለን። እንግዲህ የሐይቁ 20 ሜትር ለሰውነታችን ከባሕሩ 24 ሜትር በላይ እንደመውረድ ነው። ከፍታን የማያገናዝብ ኮምፒዩተር፣ ወይም ለባሕር ወለል ብቻ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ፣ ይህን ልዩነት አያሳየንም። ስለሆነም ገዢው ከቀለሙና ከስክሪኑ ስፋት በፊት መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ፣ ከፍታውን በራሱ ይለካ ወይም በእጅ ይሞላ እንደሆነ መመሪያውን ከፍቶ ይመልከት።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስም ሰው ይኸው ስሌት ይመለከተዋል። በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀው ምክር በመውጫው ላይ የግዴታ እረፍት ከማያስፈልገው አንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተደጋጋሚ ወይም ለብዙ ቀናት ከጠለቁ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበርሩ መቆየት ነው። በመኪና ልሂድ ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቷ በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ካለው ብዙም አይለይምና።