ስለ ኦክስጅን ሴንሰርና ስለ ሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ቁጥር ኦክስጅን ሴንሰር ገዝቶ መለወጥ ለገዢውም ለሻጩም ኪሳራ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በጋምቤላ ኪሳራው ይብሳል፤ በስሕተት የታዘዘው ዕቃ በጎሬና በመቱ መንገድ ተመልሶ እስኪለወጥ ድረስ መኪናው ቆሞ ይሰነብታል። ቀድሞ በክረምት ከካርቱም የሚመጣው መርከብ በባሮ ወንዝ ዕቃ ያራግፍላት የነበረችው ከተማ ዛሬ የምትጠብቀው የጭነት መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህም በእጅ ያሉትን ተጠንቅቆ መያዝ ግድ ሆኗል።

ሴንሰሩ ከሞተር በሚወጣው ጭስ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደ ቀረ ለመኪናው ኮምፒዩተር ያስታውቃል፤ ኮምፒዩተሩም በዚሁ መሠረት ቤንዚኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ የሚወጣ መኪና ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ግድም ተነሥቶ 2000 ሜትር ግድም ይደርሳልና፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተሩ በቤንዚን ብዛት እንዳይታፈን ከሚጠብቁት አንዱ ይኸው ሴንሰር ነው።

በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች አንደኛው ሴንሰር ለሞተሩ ቀርቦ ከካታላይዘሩ በፊት፣ ሁለተኛው ከካታላይዘሩ በኋላ ይገኛል። ቤንዚኑን በዋናነት የሚመራው የፊተኛው ነው፤ በተለመደው ዓይነት ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ያለማቋረጥ ሲመላለስ ይታያል። የኋለኛው ግን ረጋ ያለ ሊሆን ይገባዋል፤ እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ከጀመረ ብዙ ጊዜ የደከመው ካታላይዘሩ እንጂ ሴንሰሩ አይደለም። ሲሊንደሮቻቸው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ አራት ሴንሰር አላቸው፤ 1ኛው ሲሊንደር ያለበት ረድፍ «ባንክ 1» ይባላል።

መብራቱ ብልሽት መኖሩን ያመለክታል እንጂ ስሙን አይናገርም። ስሙን የሚናገረው መካኒኩ በመመርመሪያ ኮምፒዩተር የሚያነበው ቁጥር ነው። «ፒ0135» በባንክ 1 ያለውን የፊተኛ ሴንሰር ማሞቂያ፣ «ፒ0420» ደግሞ የካታላይዘሩን መዳከም ያመለክታል። «ፒ0171» ሲነበብ ወደ ሴንሰር ግዢ የሚቸኩል አይጠፋም፤ ነገር ግን ትርጉሙ ቤንዚኑ ለአየሩ አለመብቃቱ ስለሆነ አስቀድሞ የአየር ማስገቢያው ቱቦና የቤንዚን ማጣሪያው ይመርመር። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቧንቧ ተሰንጥቆ ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ከሆነም የውጭ አየር ገብቶ ሴንሰሩን ያሳስተዋል። በክረምት ጭቃና ውሃ የገባበት ሶኬትም እንዲሁ። ተራ የሲሊኮን ማጣበቂያ ደግሞ ሴንሰሩን ጨርሶ ሊያበላሽ ይችላል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታላይዘሩ እየገባ ነውና መኪናውን አቁሞ ካንዴላውንና ኮይሉን ማስመርመር ይገባል።

ወደ አዲስ አበባ ትእዛዝ የሚልክ ባለሱቅ የመኪናውን ስምና ዘመን ብቻ ከመጻፍ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተሩን ዓይነትና የሴንሰሩን ቦታ፣ ማለትም የፊት ወይም የኋላ፣ ባንክ 1 ወይም 2 መሆኑን ለይቶ ይጻፍ፤ ሴንሰሮቹ ለዓይን ቢመሳሰሉም የሽቦ ርዝመታቸውና ሶኬታቸው ሊለያይ ይችላል።