የጣሪያ ሥር ክፍል ሥራ የሚዘገየው ገና ሳይጀመር ነው

ለንደን ውስጥ የጣሪያ ሥሩን ወደ መኝታ ክፍል የሚያስቀይር ሰው የሚጨነቀው ስለ ግንበኞቹ ፍጥነት ነው። እኔ ግን ትልቁን መዘግየት የሚያመጣው ቀድሞ ያላለቀ ወረቀት ነው እላለሁ። የ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ የብረት ተሸካሚ በጋራ ግድግዳ ላይ ከማሳረፍ 2 ወር ቀደም ብሎ ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዛል። ጎረቤት 14 ቀን ዝም ካለ ጉዳዩ እንደ አለመግባባት ተቆጥሮ ወደ ገለልተኛ ባለሙያ ይሄዳል። «ተግባብተናል፣ ቃሉ ይበቃኛል» የሚሉ አሉ፤ መግባባቱ መልካም ነው፣ ሕጉ የሚፈልገው ግን የጽሑፍ ስምምነት ነው። በተርታ ለተያያዘ ቤት እስከ 40 ሜትር ኩብ የሚደርስ ጭማሪ፣ ሌሎች መስፈርቶችን ካሟላ፣ የፕላን ፈቃድ አያስፈልገውም መባሉም እውነት ነው። የግንባታ ደንብ ቁጥጥር ግን አይቀርም፤ ወለሉን፣ ደረጃውንና የእሳት ማምለጫውን ይመረምራል። ስለዚህ የመሐንዲሱ የብረት ስሌት በዚህ ቁጥጥር ሳይጸድቅ ብረት አይታዘዝ፤ የብረቱ ልክ ከተቀየረ እንደገና መጠበቅ ነው፣ ያውም ጣሪያው ተከፍቶ ዝናብ እየገባ።