በሁፕስ ዳይናስቲ ለማጥቃት ስልት የሚስማማ ተጫዋች መመልመል

ሁፕስ ዳይናስቲ የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚያስመስል የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ያዘጋጀው ዋትኢፍስፖርትስ ነው። ተሳታፊው ኳስ አያንጥርም፣ ቅርጫትም አያልምም፤ ሥራው የአሠልጣኝ ነው። ስልት ይመርጣል፣ የልምምድ ደቂቃ ይደለድላል፣ አሰላለፍ ያወጣል፤ ግጥሚያውን የሚያሰላው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ የውድድር ዘመኑ ዕጣ በአብዛኛው የሚለየው ቀደም ብሎ፣ በምልመላው ወቅት ነው።

እያንዳንዱ ተመልማይ በቁጥር የተለካ ችሎታ ይዞ ይቀርባል፤ አካላዊ ብቃት፣ ፍጥነት፣ ሪባውንድ፣ መከላከል፣ ብሎክ፣ ከቅርጫት ሥር ማስቆጠር፣ ከርቀት መወርወር፣ ኳስ አያያዝ፣ ቅብብል፣ ትንፋሽ፣ ትጋትና ጉዳት የመቋቋም አቅም። ጀማሪን የሚያሳስተው የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት የኋላ ተጫዋቾች ይታሰቡ። አንዱ በኳስ አያያዝ 70፣ በቅብብል 65፣ በርቀት ውርወራ 60፣ በፍጥነት 40፣ በትንፋሽ 45 አለው። ሌላው በፍጥነት 75፣ በትንፋሽ 80፣ በኳስ አያያዝ 55፣ በቅብብልና በርቀት ውርወራ 35 አለው። የእያንዳንዳቸው ድምር 280 ነው፤ አንዱ ለአንዱ ግን ምትክ አይሆንም። የትኛው እንደሚሻል የሚነግረው ቡድኑ የሚያጠቃበት ስልት ነው።

ጨዋታው አራት የማጥቃት ስልቶች አሉት፤ ፋስትብሬክ፣ ትራያንግል፣ ፍሌክስና ሞሽን። ሁሉም ከእውነተኛው ሜዳ የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሹ ለመረዳት የሜዳውን ታሪክ ማየት ይረዳል። ፋስትብሬክ ተጋጣሚ መከላከያውን ሳያደራጅ የሚፈጸም ጥቃት ነው። በ1989–90 የውድድር ዘመን በፖል ዌስትሄድ ይሠለጥን የነበረው ሎዮላ ሜሪማውንት በዚህ አካሄድ በአማካይ 122.4 ነጥብ በየጨዋታው አስቆጥሯል። እንዲህ ያለ ሩጫ ፍጥነት፣ አካላዊ ብቃትና ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ከላይ የተጠቀሰው ሁለተኛው ልጅ ቦታው እዚህ ነው። ስልቱ ተጫዋችን ቶሎ ስለሚያደክም አምስት ጥሩ ልጆች አይበቁትም። በተለይ ሜዳውን ሙሉ ከሚያስጨንቀው የፕረስ መከላከል ጋር ሲጣመር፣ ተቀያሪዎቹ ከቋሚዎቹ ብዙም የማያንሱበት ቡድን ያስፈልጋል። በሁፕስ ዳይናስቲ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ለ12 ተጫዋቾች ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ባክኖ ቢቀር ጉዳቱ የሚብሰው በዚህ ስልት ላይ ነው።

ትራያንግልን ታዋቂ ያደረጉት ቴክስ ዊንተርና ፊል ጃክሰን ናቸው፤ ቺካጎ ቡልስና ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በእሱ ዋንጫ ደርድረዋል። ሦስት ተጫዋቾች በአንድ ወገን ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ አንዱ ከቅርጫቱ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ይህ ረጅም ሰው ማስቆጠር ብቻ ሳይሆን ኳሷን ተቀብሎ ማከፋፈልም አለበት። ሪባውንድና ብሎክ ብቻ ያለው ግዙፍ ተጫዋች በቁጥሩ ቢያማልልም በሜዳው ላይ ይህን ማዕዘን ያደነዝዘዋል።

ፍሌክስ በ2002 ሜሪላንድን ለአገር አቀፉ የኮሌጅ ዋንጫ ያበቃ ስልት ነው። አንዱ ጓደኛው የተከላካዩን መንገድ በመዝጋት በሠራለት ከለላ (ስክሪን) ከመስመሩ ዳር ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ ይገባል፤ ወዲያው ለከለለው ሌላ ይከልልለትና እሱ ደግሞ ለውርወራ ይወጣል። ተጫዋቾቹ ቦታ ስለሚለዋወጡ ረጅሞቹም ጭምር መወርወርና ማቀበል ሊችሉ ይገባል። ሞሽንም ቅብብልንና ኳስ አያያዝን ይሻል፤ እንቅስቃሴው ግን ይበልጥ ነፃ ነው። ከሁለቱ የኋላ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ለዚህ ይመቻል።

የዛሬው ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም። ተመልማዩን በማጥናት (በስካውቲንግ) የሚገለጠው እያንዳንዱ ችሎታ ምን ያህል የማደግ አቅም እንዳለው ነው፤ ዕድገቱ ደግሞ በትጋት፣ በልምምድና በጨዋታ ደቂቃ ይወሰናል። በፍጥነት 45 ሆኖ ብዙ ሊያድግ የሚችል ልጅ፣ 55 ላይ ከቆመው ይልቅ ሊመረጥ ይችላል። አራት ዓመት የሚቆይ ተማሪ ለመጠበቅ ጊዜ ይሰጣል፤ ከጁኒየር ኮሌጅ የሚመጣው ግን የቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነ ቁጥሩ ከወዲሁ የበሰለ መሆን አለበት።

ሌላው ከቁጥሮቹ ተለይቶ የሚቆጠር ነገር ስልቱን የማወቅ ደረጃ ነው። ይህ በፊደል ይሰጣል፤ ተጫዋቹ ስልቱን በተለማመደ ቁጥር ከታች ወደ ኤ ይጠጋል። ጥሩ ቁጥር ያለው አዲስ ልጅ፣ በደረጃው ከፍ ያለ ነባር ተጫዋችን ሳይተካ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስልት መለወጥም በዚሁ ምክንያት ውድ ነው፤ ነባሮቹ ያካበቱት ዕውቀት ለአዲሱ ስልት አይተላለፍም። ስለዚህ አስተዋይ አሠልጣኝ ፍሌክስን ትቶ ወደ ፋስትብሬክ ለመሄድ ካሰበ፣ ብዙ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሚመረቁበትን ወቅት ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ዓመታትም ለአሁኑ ስልት የሚበቁ፣ ለሚቀጥለውም ፍጥነትና ትንፋሽ የማያጡ ልጆችን ይመለምላል።