ናፍጣው የት ይገባል? በዕድሜ የገፋ የመስክ መኪና ነዳጅ ሲያበዛ ምክንያቱን ስለ መፈለግ



ከየፕሮጀክት ጣቢያው የሚላከው ወርሃዊ ሒሳብ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚያስነሣው የነዳጅ ወጪ ነው። ቀድሞ በ1 ሊትር ናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና አሁን 6 ብቻ ይሄዳል ይባላል። ልዩነቱ በቃል ሲነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ከ80 ሊትር በላይ ትርፍ ናፍጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ይደረጋል። ወይ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ፖምፓው ይፈታል፤ ወይም ሹፌሩ በጥርጣሬ ዓይን መታየት ይጀምራል። ፖምፓ ያለ ምክንያት ማስፈታት ከጉባኤዎች የተሰበሰበውን ስጦታ በከንቱ ይበላል። ሰውን ያለ ማስረጃ ሌባ ማለት ደግሞ ከዚያ ይከፋል። ስለዚህ በጣቢያ ላሉ ሠራተኞችም ሆነ ሒሳቡን ለሚፈርሙ የኮሚቴ አባላት ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ቢሄድ እንደሚሻል ማስረዳት ፈለግን።

ምሳሌ አድርገን የያዝነው ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ላንድ ክሩዘር ነው። የ70 ተከታታይ የሚባለው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፤ ዋን ኤች ዜድ የተባለውን ባለ 6 ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር፥ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ በ1990 አገኘ። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ቆጣቢ ግን ተብሎ አያውቅም። በደህና ይዞታ ያለው መኪና በአስፋልት ላይ በልከኛ ፍጥነት ሲነዳ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ በቂ ነው። በአሸዋና በጭቃ በከባድ ማርሽ ሲጎተት ከ4 በታች ቢወርድ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነዳጅ ይበላል ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው መንገድ፥ ምን ተጭኖ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ከዚያ ልኬት ይከተላል። በዳሽቦርድ ላይ ያለው የነዳጅ መርፌ ለሒሳብ አይሆንም። ታንኩን አፉ ድረስ ሞልቶ፥ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መዝግቦ፥ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ከተኬደ በኋላ በዚያው ማደያ፥ በተመሳሳይ ሰዓት እንደ ገና መሙላት ነው። ሰዓቱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ናፍጣ በሙቀት ይሰፋል፤ በ90 ሊትር ላይ የ15 ዲግሪ ልዩነት 1 ሊትር ያህል ያሳስታል። ሁለት ታንክ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱም ይሞሉ። አንዱን ብቻ ሞልተው ሌላውን የረሱ ሰዎች መኪናውንም ሹፌሩንም ያለ ጥፋት ይከሳሉ።

መንገዱም ደርሶ መልስ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዳማ ከርሷ 600 ሜትር ከዚያም በላይ ዝቅ ትላለች። ወደ አዳማ ሲወርድ የተለካ መኪና ቆጣቢ ይመስላል፤ ሲመለስ የተለካው በላተኛ ይባላል። 2 ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 1 ሊትር ተኩል ያህል ናፍጣ ተጨማሪ ያቃጥላል። ይህ የሞተር ሕመም ሳይሆን የተራራው ዋጋ ነው።

የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም ራሱ ሊዋሽ ይችላል። 265/70 ባለ 16 የነበረው ጎማ ወጥቶ 285/75 ባለ 16 ቢገባ የጎማው ዙሪያ በ7 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው የሄደው 107 ነው። ከወረቀቱ ላይ 7 ኪሎ ሜትር ጠፋ፤ ናፍጣው ግን ተቃጥሏል። ጎማ የተለወጠበት ቀን በመኪናው መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ይህን የሚያስታውስ አይገኝም። እንዲሁም መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበት ጊዜ አለ። በእህል ማደያ ቦታ ለሬዲዮ ወይም ለአየር ማቀዝቀዣ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሳይጠፋ ሲዋል እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ በመቁጠሪያው ላይ ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይጨመርም። ሹፌሩ የቆመበትን ሰዓት እንዲጽፍ በጉዞ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመርለት።

ልኬቱ ተደርጎ ጉድለቱ እውነት ሆኖ ከተገኘ አሁንም ሞተሩ አይከፈት። ከመሬት እንጀምር። ጎማ በጠዋት ሳይሞቅ ይለካ፤ ልኩ በበሩ ጠርዝ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል። በአሸዋ ለማለፍ ነፋስ አስተንፍሶ አስፋልት ሲደርስ ሳይሞላ የሚቀጥል ሹፌር ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ጎማ ነዳጅ ከማብዛቱም በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። የጎማው ጥርስ በአንድ ወገን እንደ መጋዝ ተስሎ ከተገኘ አላይመንቱ ተበላሽቷል፤ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን እየፋቁ ነው የሚሄዱት።

በእኛ ግምት ከሁሉ አብልጦ የሚዘነጋው የሚይዝ ፍሬን ነው። ጭቃ የገባበት የእጅ ፍሬን ገመድ ዝጎ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሲፋተግ ይውላል። ሹፌሩ ሳያውቀው መኪናው ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩም ያን ለማሸነፍ ይለፋል። ምርመራው ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። በሜዳ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ብዙ ሳይረገጥ ይነዳና መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይቁም። ወዲያው ወርዶ እጅን ከቸርኬዎቹ መካከል፥ ሞዞ ከሚባለው፥ ማስጠጋት ነው፤ የጋለ ብረት ሊያቃጥል ስለሚችል መጀመሪያ ሳይነኩ። ከሦስቱ ተለይቶ የሚግል ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው። ከዚያ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። በቀላሉ የማይዞር ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዟል፤ ወይ ኩሽኔታው ተጠብቋል። ብዙ ገንዘብ ለፖምፓ ከመክፈል በፊት ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ መሠራት አለበት።

የፊት ጎማዎቹንም ማየት ነው። በእጅ የሚዞሩት የፊት ሞዞ መቆለፊያዎች «ሎክ» ላይ ከቀሩ የፊት ዲፈረንሲያሉ ያለ ሥራ ይሽከረከራል። በዚያ ላይ የባለ 4 ጎማው ማርሽ ገብቶ በደረቅ አስፋልት ከተነዳ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ዲፈረንሲያሉም ይጎዳል። በክረምት ከጭቃ የወጣ መኪና እስከ መስቀል እንዲሁ ሲሄድ አይተናል። ፖርቶ መጋላውም ቢሆን ባዶውን ነፋስ ይይዛል፤ ፈጥኖ በተነዳ መጠን ይብሳል። ጭነት ከሌለ ይውረድ።

ፍሪሲዮን የሚንሸራተት እንደ ሆነ ደግሞ ዳገት ላይ ይታወቃል፤ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይፈጥንም።

አሁን ኮፈኑ ይከፈት። አስቀድሞ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ይፈለግ፤ ናፍጣ የነካው ቦታ አቧራ ስለሚይዝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የመመለሻ ቱቦዎቹ፥ የፖምፓው ሥርና የታንኩ ክዳን ይታዩ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ ነው። ከአቧራ መንገድ የመጣ ፊልትሮ ከውስጥ ወደ ውጭ በነፋስ ይነፋ፤ ከጎማ ጋር ማጋጨት ወረቀቱን ይቀደዋል፤ የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ ሞተሩን በአቧራ ይፈጨዋል። የናፍጣ ፊልትሮ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ሲዘጋ መኪናውን ያደክማል እንጂ ነዳጅ የሚያበዛው እርሱ አይደለም።

ጭሱ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቆላ ላይ የማይጨስ መኪና ደጋ ሲወጣ ጥቂት ቢያጨስ አያስደንግጥ። ሜዳ ላይም ሳይጫን የሚያጨስ ከሆነ ግን ወይ አየር ታፍኗል፤ ወይ ኖዝሎቹ ያንጠባጥባሉ፤ ወይም ከአሁን በፊት አንድ መካኒክ «ጉልበት እንዲያገኝ» ብሎ የፖምፓውን ብሎን አዙሯል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ናፍጣው በጊዜው አይቃጠልም። ጥፋቱ የጀመረው የታይሚንግ ቺንጋው ከተለወጠ ወዲህ እንደ ሆነ ምልክቶቹ በትክክል መግጠማቸው ይመርመር። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው።

ቴርሞስታትን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዥ የተለመደ ፈውስ ነው። ፈውስ ግን አይደለም፤ የዘጋው ራዲያተር እንደ ዘጋ ይቀራል፤ ሞተሩ ደግሞ በደጋ ብርድ ወደ ልኩ ሙቀት ሳይደርስ ይውላል። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣ ያበዛል፤ ሲሊንደሩንም ይበላል። የሙቀት መርፌው ከረጅም ጉዞ በኋላ እንኳ ከታች ካልተነሣ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። አውጥቶ በድስት ውኃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ማፍላት ነው፤ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምርመራው በደጋም ይሠራል።

ኖዝሎችና ፖምፓ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኖዝሎቹ ወጥተው በመሞከሪያው ላይ ይታዩ፤ ጥሩው እንደ ጉም ይረጫል፤ ክፉው እንደ ክር ይፈሳል ወይም ጫፉ ላይ ያንጠባጥባል። በሙከራው ጊዜ ማንም እጁን ከርጭቱ ፊት አያግባ፤ ግፊቱ ናፍጣውን ቆዳ በስቶ ያስገባዋል፤ ይህ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ያኑ ጊዜ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ፖምፓው መስተካከል አለበት ከተባለ በመለኪያ መሣሪያ ላይ ይስተካከል እንጂ በጆሮ አይሁን። የልኬቱ ወረቀት ከፋይሉ ጋር ይያያዝ፤ የተለወጡት አሮጌ ኖዝሎችም ለጣቢያው ይመለሱ።

ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ያው ልኬት በዚያው መንገድ ይደገም። ጎማ፥ ኖዝልና ቴርሞስታት በአንድ ቀን ከተለወጡ ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ አይታወቅም፤ ለሚቀጥለው መኪናም ትምህርት አይተርፍም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው አሁንም ከ6 ካልወጣ ኮምፕሬሲዮኑ ይለካ። እርሱም ዝቅ ያለ ከሆነ ሞተሩ አርጅቷል። ሙሉ እድሳት ይደረግለት ወይስ መኪናው ይሸጥ የሚለው የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ስላልሆነ ልኬቶቹ በሙሉ ተያይዘው ለፕሮጀክቱ ኮሚቴ ይቅረቡ።