የግቢው ቆጣሪ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ኪራዩን ይጠይቃል፣ ክፍሎቹን ይቆጥራል፣ ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ያጣራል። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመብራት ቆጣሪ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በየወሩ ከአከራይና ከጎረቤት ጋር የሚያነጋግረው ያ ሳጥን ስለሆነ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ቢተዋወቁ ይሻላል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ላይ ግቢ ስላለው፣ ተመድቦ የሚመጣ መምህር ሁሉ ለሰፈሩ አዲስ ነው። ከውጭ ለዓመት፣ ለሁለት ዓመት አገሩ የሚመለሰው የጎንደር ልጅም እንደዚያው። ይበልጥ የሚቸገረው ይኸኛው ነው፤ ሌላ ሥርዓት ለምዷልና። እስራኤል ወይም አሜሪካ ቤት የተከራየ ሰው የመብራት ደንበኝነቱን በራሱ ስም ያዞራል፤ በገባበት ቀን ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበረ ይመዘገባል፣ ሲወጣ ሂሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነው። ተከራይ ይመጣል፣ ተከራይ ይሄዳል፤ ውሉ በባለቤቱ ስም ይቀጥላል። የቀድሞው ተከራይ ሳይከፍል ከሄደ ዕዳው ከቤቱ ጋር ይቀራል፤ መብራት ሲቆረጥ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው አዲሱ ተከራይ ነው። ስለዚህ የውጭውን ልማድ እዚህም ማምጣት ይገባል፦ በመግቢያው ቀን የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ቁጥሩንም የኪራይ ውሉ ላይ ማስፈር።

ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ቢልም መሥሪያ ቤቱ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ነው። ኃይል የሚያመነጨው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ቆጣሪ የሚያስገባውና ሂሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የተከራይ ጉዳይ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ ብልሽት የሚነገረውም በ905 ነው።

ቆጣሪው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተጠቅመው በወሩ መጨረሻ የሚከፍሉበት፣ ሌላው አስቀድመው የሚሞሉት። አስቀድሞ የሚሞላው ላይ የሰው ዕዳ መውረስ ብዙም አያሰጋም፤ የሚያሰጋው እሑድ ማታ ሂሳቡ ማለቁ ነው። ዲጂታል በሆነ ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ የተጻፈው ቁጥር ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ይናገራል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ እሷ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች፣ ወይ መስመሩ ያፈሳል፣ ወይ ሌላ ቤት ከዚያው ቆጣሪ ይጠቀማል። ይህንን ፍተሻ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ አከራዩ ባለበት ማድረግ ነውር የለውም።

አንድ ቆጣሪ ለሦስት፣ ለአራት ቤት የሚያገለግልበት ግቢ ብዙ ነው። እዚያ የጠብ መነሻ ደግሞ ምጣድ ነው። «ምጣድ አይቻልም» የሚል አከራይ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ሁለት ቤት ባንድ ጊዜ ከጣደ ደካማ ሽቦ ይግላል፣ ብሬከር ይወድቃል። አንድ ቤት በሳምንት ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢጋግር በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማል። ታሪፉ የሚጀምረው ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች ካለው ርካሽ እርከን ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው ይወጣል። ሦስት ቤት ሦስት ቆጣሪ ቢኖረው እያንዳንዱ በዝቅተኛው እርከን አካባቢ ይቆይ ነበር፤ ባንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን ሁሉም ተያይዘው ወደ ላይኛው ይወጣሉ። ማንም ሳያባክን ሁሉም ይወደድበታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል በመወሰኑ፣ ልዩነቱ ከበፊቱ የበለጠ ይሰማል።

ሂሳቡን በቤት ብዛት ማካፈል አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያላትን ብቸኛ ተከራይ ይጎዳል፤ እኔ እንዲህ ያለው አከፋፈል ፍትሕ አለው ብዬ አላምንም። ከዋናው ቆጣሪ በታች ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ አያነበውም፣ ጎረቤታሞቹ ራሳቸው ያነቡታል። የግቢው ፍጆታ 300 ሆኖ የአንዱ ቤት 60 ከሆነ፣ ከሂሳቡ አንድ አምስተኛውን ይከፍላል፤ ሙግት የለም። ሥራውን ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሥራው፤ ከዋናው ቆጣሪ በላይ ያለው መስመርና የቆጣሪው እሽግ አይነካም።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ 120 ብቻ የተጻፈበት የቡና ማፍያ እዚህ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ይችላል።

የውኃው ነገር ከመብራቱ ይከብዳል። ለከተማዋ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከላይ ካለው የእርሻ መሬት በሚወርድ ደለል ተጎድቷል፤ ከተማዋም ከግድቡ አቅም በላይ አድጋለች። ብዙ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ግንባታም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ ውኃ በፈረቃ ነው። በፈረቃ በሚኖር ቤት ቧንቧን ከፍቶ መሄድ ሁለት ጉዳት አለው። ውኃው ሌሊት መጥቶ ይፈሳል፤ ከዚያም በፊት ባዶውን ቧንቧ የሞላው አየር በግፊት ሲወጣ የውኃ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፣ አየሩም እንደ ውኃ ይቆጠራል። ቧንቧው ተዘግቶ ይቆይ፤ ውኃው ሲመጣ ቀስ ብሎ ይከፈት።

ውኃ ለማጠራቀም ጀሪካን ለአንድ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ለቤተሰብ ግን ሮቶ ያስፈልጋል፤ ከመሙላቱም በፊት ውስጡ ይታጠብ። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋ ዲናሞ ይጨመራል። ሮቶው የአከራዩ ይሁን የተከራዩ፣ ዲናሞው ሲሠራ የሚቆጥረው የማን ቤት ቆጣሪ እንደሆነ፣ የመግቢያው ንባብ የተጻፈበት ውል ላይ አብሮ ይጻፍ።