ማዞሪያው ለምን ተሰበረ? የልብስ መጭመቂያና ማድረቂያ ሰዓት ሲከብድ

እንጦጦ ሥር ለሚኖር የጉለሌ ቤተሰብ ክረምት ማለት ያልደረቀ ልብስ ማለት ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ደመናው ወርዶ ሽሮ ሜዳንና አዲሱ ገበያን ሲጋርድ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታም እርጥብ ሆኖ ይገኛል። የሕፃን ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም ደግሞ ፀሐይ እስክትወጣ አይጠብቁም። በዚህ ወቅት ባለ ሁለት ገንዳው ማጠቢያ፣ ማለትም አንዱ የሚያጥበው ሌላው አሽከርክሮ የሚጨምቀው፣ የቤቱ ባለውለታ ነው። አቅም የፈቀደለት ቤት ደግሞ በሙቅ አየር የሚያደርቅ ማሽን አለው።

በሁለቱም ላይ ቶሎ ከሚሰበሩት ነገሮች አንዱ የደቂቃ መሙያው ማዞሪያ ነው። ሲሰበር ዓይናችን የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፕላስቲኩ የሚሰበረው ከሥሩ ያለው ታይመር ስለከበደ ነው። ታይመሩ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ እጃችንም ሳናስተውለው ጉልበት ይጨምራል፤ በመጨረሻ ደካማው ፕላስቲክ ይሸነፋል። ማዞሪያውን ብቻ ከቀየሩ አዲሱም ዕጣው ያው ነው።

የታመመው የትኛው ነው?

በመጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። እጅዎም፣ የቆሙበት ወለልም ደረቅ ይሁን። ከዚያ ማዞሪያው መሀል ላይ ብሎን አለመኖሩን አይተው ቀጥ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡት።

የማዞሪያው ቀዳዳ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚገባበት የታይመሩ ዘንግም እንዲሁ። ቀዳዳው ከተሰነጠቀ ወይም ጠፍጣፋው ጎን ተበልቶ ክብ ከሆነ ማዞሪያው ዘንጉን ሳይዝ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ከጀርባው የደረቀ ሳሙናና ብናኝ ተጠራቅሞ ከሆነም በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት።

ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ላይ ቀላል መፈተኛ አለ። የማጠቢያውና የመጭመቂያው ማዞሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ደህናውን አውልቀው በተጠረጠረው ዘንግ ላይ ይሞክሩት። በቀላሉ ከዞረ ችግሩ የተሰበረው ማዞሪያ ነው። አሁንም ከከበደ፣ ወይም መሀል ላይ ከያዘ፣ ታይመሩ ታሟል።

ታይመሩ እንዴት ይሠራል?

የባለ ሁለት ገንዳው ታይመር እንደ ድሮ ሰዓት በሞላ የሚሠራ ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ሞላው ይጠቀለላል፤ ከዚያ ድምፅ እያሰማ ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ማጠቢያው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 15፣ መጭመቂያው እስከ 5 ደቂቃ ይሞላል። ቸኩለው በኃይል ወደ ኋላ ከመለሱት የውስጥ ጥርሶቹን ይበላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። መቆም ካለበት ስፒናውን ይንቀሉና ሰዓቱ ራሱ ይጨርስ።

የሙቅ አየር ማድረቂያው ታይመር ግን ብዙውን ጊዜ የሚዞረው በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል። መብራት ሲመጣ አንዳንዱ ማሽን ማንም ሳይነካው ካቆመበት ስለሚቀጥል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን መንቀል ይልመዱ።

ፒንሳ፣ ዘይትና ሙጫ

ማዞሪያው ሲሰበር ብዙ ቤት ውስጥ ፒንሳ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። ፒንሳ የዘንጉን ጠፍጣፋ ጎን እየላጠ ስለሚያበላሸው በኋላ አዲስ ማዞሪያም አይይዝለትም። ከዚህ የሚብሰው ግን የተራቆተ ብረት በእርጥብ እጅ መነካቱ ነው። ውስጥ አንድ ሽቦ ከተላጠ 220 ቮልት በዚያ ብረት ሊመጣ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የከበደ ታይመር ውስጥ ዘይት አይጨምሩ። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያገናኙ ብረቶች ስላሉ ዘይቱ ብናኝ ይሰበስባል፤ ሊያቃጥልም ይችላል። ማዞሪያውንም በሙጫ ከዘንጉ ጋር አያጣብቁ፤ ሙጫው ወርዶ ታይመሩን ይይዘዋል። ለጊዜው የሚያግዝ ካስፈለገ የተሰነጠቀውን የማዞሪያ አንገት ከውጭ በቀጭን ሽቦ ጠበቅ አድርገው ይጠምጥሙት።

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት

አሮጌውን ማዞሪያ ይያዙ፤ ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ማዞሪያ ሲገዙ የዘንጉ ውፍረትና የጠፍጣፋው ጎን አቅጣጫ መግጠሙን ይዩ። ለአሮጌ ማሽኖች መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገሉ ዕቃዎችን መፈለግ ያዋጣል። ታይመር ከሆነ ግን የማሽኑ ስም ብቻ አይበቃም፤ የደቂቃው መጠንና የሽቦዎቹ ብዛት ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት።

ታይመሩን መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያው ሽቦዎቹን ከመፍታቱ በፊት ፎቶ እንዲያነሳ ይጠይቁት።

ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ነገር አይርሱ፦ ወደ ዜሮ የማይመለስ ታይመር ማሽኑን አያቆመውም። ሙቀት የሚያወጣ ማድረቂያ ከሆነ ጨርሶ አይጠቀሙበት። መጭመቂያም ቢሆን ማንም በሌለበት አይሥራ፤ ገንዳው መሽከርከሩን ፈጽሞ እስኪያቆም ድረስም እጅ አይግባበት።